ጉዳዩ፦ ቃል ተገብቶልኝ ስለቀረው የግብር መዝገብ ቅጂና በስልክ ስለተመናጨቅኩት

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ስጽፍላችሁ ይህ አራተኛዬ ነው። የፋይል ቁጥሬንም፣ የከፈልኩትንም፣ የማንን ዘር እንደምታፈላልጉልኝም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ማክሰኞ ስለሆነው ነገር ነው።

ጠዋት ደውዬ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ አማርኛ ተናጋሪው ባልደረባችሁ አነሳ። በትሕትና «የኬንታኪው የማዲሰን ካውንቲ የግብር መዝገብ ቅጂ ደረሰ ወይ?» አልኩት። «በ15 ቀን ውስጥ እጅዎ ይገባል» ብሎ ቃል የገባልኝ እሱ ራሱ ነው፤ 15ኛው ቀን ካለፈ ሦስት ወር ሆነው። «ሪፖርቱ ተልኮልሻል እኮ፣ አንብቢው» አለኝ። እርስዎ ሲለኝ የከረመ ልጅ ያለ ምንም ምክንያት አንቺ አለኝ። ቻል አድርጌ «አንብቤዋለሁ፣ የምጠይቀውም አንብቤው ነው» ስለው፣ «የባልሽ ዘር ነው፤ አንቺን ምን አገባሽ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ምን እንዳገባኝ ልንገራችሁ። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ ናቸው ያስጠኗቸው። በአባታቸው በኩል ግን ስድስት ከቆጠሩ በኋላ ይደናቀፋሉ። ከዚያ በላይ ያለው «አያታችን በፈረንጅ 1775 ከመንገድ ቀያሹ ከዳንኤል ቡን ጋር ከምበርላንድ ጋፕ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ አቋርጦ ኬንታኪ፣ ቦንስቦሮ ሰፈረ» የሚል የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። የዚያ ዘመን ግብር ሰብሳቢዎች ደግሞ ፈረስና ከብት ሲቆጥሩ በባርነት የተያዙ ሰዎችንም አብረው ይቆጥሩ ነበር። እኔ የማሳድገው ጥቁር ልጆች ነው። ሰውዬው ሰው በባርነት ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ ከእኔ አፍ፣ ከነማስረጃው መስማት አለባቸው። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ጽፌ ሰጥቻችኋለሁ። በሪፖርታችሁ ውስጥ ስለሱ አንዲት ቃል የለችም።

ሪፖርቱማ! ገጽ 4 ላይ «በ1790 የኬንታኪ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት» ብላችሁ ሚስቱንና ሰባት ልጆቹን ከነስማቸው ደርድራችኋል። የኬንታኪ የ1790 ቆጠራ ዝርዝር ጠፍቷል፤ የ1800ውም ጠፍቷል። ዛሬ በእጅ ያለው የመጀመሪያው የ1810ሩ ነው። ባይጠፋስ? እስከ 1840 ድረስ በስሙ የሚመዘገበው አባወራው ብቻ ነበር፤ ሌላው ቤተሰብ በቁጥር ነው የሚገባው። በቤቱ ያለው ነጻ ሰው ሁሉ በየስሙ መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው። እነዚያን ሰባት ልጆች ከየት አመጣችኋቸው? በዚያው ገጽ ሰውዬውን በ1778 «በኬንታኪ ስቴት» መሬት አስገዝታችሁታል። ኬንታኪ ስቴት የሆነችው በ1792 ነው፤ ያኔ የቨርጂኒያ አንድ ካውንቲ ነበረች። እኔ ይህን ከሥራ መልስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ አገኘሁት። እናንተ የተከፈላችሁበት ሥራ ነው።

የባለቤቴ አባት 84 ዓመታቸው ነው። ሐምሌ ላይ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «የታለ ወረቀቱ?» አሉኝ። ባዶ እጄን ነበርኩ። የቤተሰቡን ስም በሦስት ዓይነት ፊደል መጻፋችሁን፣ የነሐሴን ክፍያ ሁለቴ መቁረጣችሁን እስካሁን ዝም ብዬ ነበር። ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም።

በመጀመሪያ የፈለግኩት ቅጂውን ብቻ ነበር። አሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ቅጂው ይላክልኝ፣ ሁለቴ የተቆረጠው ይመለስ፣ ገጽ 4ም ይሰረዝ። በኬንታኪ ዋና ከተማ በፍራንክፈርት ያለው የመሬት መዝገብ ቤትም ይታይልኝ፤ ከ1778 በፊት ሰፍሮ በቆሎ ያበቀለ ሰው በቨርጂኒያ ሕግ 400 ኤከር ይገባው ስለነበር፣ የእሱ የምስክር ወረቀት መኖር አለመኖሩ ተጣርቶ ይነገረኝ። ያ ልጅም ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ እርስዎ ብሎ። ይህ ካልሆነ ሙሉ ገንዘቤን እጠይቃለሁ፤ የስቴቱ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ጋም እሄዳለሁ።

መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ። በስልክ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ