መንገዱ መሬቱን የት ላይ ቆረጠው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የመንገድ ዜና ስታወጡ ሁለት ቁጥር አይቀርም፤ ኪሎ ሜትሩና ብሩ። መንገዱ መሬቱን ምን ያህል እንደቆራረጠው የሚያሳይ ሦስተኛ ቁጥር እንድትጨምሩልን ነው የምጽፈው። ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ጫፍ፣ ከዓባይ ብዙም ሳልርቅ ነው። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ጠዋት ዱካውን እናያለን። ዱሮ ከደንገሉ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ነበር ወደ ሣሩ የሚሄደው። አሁን መሃል ላይ የግንብ አጥር ቆሟል። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ዱካውን ጭቃው ላይ ተከተልኩት። ግንቡ ጋ ደርሶ ቆሟል፤ ወዲያ ወዲህ ብሏል፤ ከዚያ አጥሩን ይዞ ወርዶ የሰው በቆሎ ውስጥ ገብቷል። ባለማሳው ጉማሬውን ሲረግም ዋለ። አጥሩን የረገመ አልሰማሁም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሣር ግን አልተነካም፣ ካርታ ላይ ዛሬም አረንጓዴ ነው። የጠፋው መሄጃው ነው።

ይህን የሚለካ ዘዴ አለ። ዮኸን ዬገር የሚባል ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ዘዴው ስሙን ያገኘው ከመረብ ቀዳዳ ነው፤ ጣና ላይ መረብ ለሚጥል ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ካርታ ላይ ሁለት ጠጠር ጣሉ። መንገድ ወይም ሕንፃ ሳይለያቸው አንድ ቁራሽ መሬት ላይ የማረፍ ዕድላቸው ስንት ነው? ያንን በጠቅላላው ስፋት ማባዛት ነው። በወረቀት ሲሠራ የእያንዳንዱን ቁራሽ ስፋት በራሱ ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ለጠቅላላው ታካፍላላችሁ።

አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ መስክ እንውሰድ፤ 100 ሄክታር። 20 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር መሃሉን ሰንጥቆት ቢያልፍ የሚወስደው 2 ሄክታር ብቻ ነው። ሪፖርቱ «98 በመቶው አልተነካም» ይላል፣ ውሸትም አይደለም። ግን እያንዳንዳቸው 49 ሄክታር የሆኑ ሁለት ቁራሾች ቀርተዋል፤ ልኬቱ ከ100 ወደ 48 ወርዷል። ያንኑ መንገድ ወደ ጠርዙ ገፋ አድርጋችሁ 90 እና 8 ሄክታር ቢቀሩ ልኬቱ 82 ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ ያው፣ ብሩም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ችካሉ የተተከለበት ቦታ ነው። እኔም በሥራ ዘመኔ ችካል ስተክል የማየው ቀጥታውን መስመር ነበር፤ ሌላ እይ ያለኝም የለም።

እርግጥ ምን እንደ እንቅፋት እንደሚቆጠር አስቀድሞ መወሰን አለበት። ለወፍ ግንብ ምንም አይደለም፣ ለአርጃኖ ግን ትልቅ ነገር ነው። ካርታው የአስፋልቱን መንገድ ያሳይ ይሆናል፣ የቆርቆሮ አጥሩን ግን አያሳይም። በኔ ግምት ሐይቁ ዳር ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነው።

መንገድ አይሠራ አላልኩም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወሰድ አይቻለሁ፣ ያንን ማንም አይመኝም። ግን ዩኔስኮ የጣናን ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ችካል ከመተከሉ በፊት ቁጥሩ ቢሰላ ምን ይከፋል? የአውሮፓ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. አገራትን በዚሁ ለክቶ አወዳድሯል። እኛ ጋ ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መለካት፣ የሚያውቅ ልጅ ሞልቷል፣ ሥራ የፈታም አይጠፋም።

እናም በሚቀጥለው የመንገድ ምረቃ ጋዜጠኛችሁ ማይኩን ሲዘረጋ አንድ ነገር ይጠይቅልን። ከመንገዱ በፊት ስንት ነበር? አሁንስ ስንት ሆነ?

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር