ምሰሶዎቹ ሳይፈርሱ
ግልጽ ደብዳቤ ለጅማ ዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከጅማ ከተማ ወጣ ብላ ካለች ገጠር ነው። የጭቃው ቤተ ክርስቲያናችን ሊፈርስ ነው፤ የአዲሱ ሕንፃ ግድግዳ እየወጣ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ እስከ ቅድስቱ ይዘልቅ ስለነበር አዲሱ በመሠራቱ ደስ ብሎኛል፣ የአቅሜንም አዋጥቻለሁ። የምለምናችሁ በአሮጌው ቅኔ ማኅሌት ስላሉት አራት ምሰሶዎች ነው።

በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት ያገለግላሉ ተባለ። ገበሬ ማኅበሩ ግን ኮታ ነበረበት፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው። ጢም ያላበቀለ ልጅ ሳይቀር ከገበያና ከቡና ለቀማ እየታፈሰ ሄደ። አፈሳ መጣ በተባለ ሌሊት ጎረምሶቹ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ይደበቁ ነበር። እዚያ ሲያድሩ ስማቸውን በሚስማር ምሰሶው ላይ ጫሩ። 23 ስም ቆጥሬአለሁ። የሙስሊም ልጆች ስምም አለ፤ የዚያን ጊዜ አባቶች በሩን ሲከፍቱ የማን ልጅ ነህ አላሉም።

አንዱ ስም የታላቅ ወንድሜ ነው። ኋላ ተይዞ ወደ ሰሜን ተላከ። የመጨረሻ ደብዳቤው የመጣው ጦሩ ከሰፈረባት ከኤርትራዋ ከአፋቤት ነበር። መጋቢት 1980 አፋቤት በሻዕቢያ ተያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። መርዶም አልመጣልን። እናቴ እስክትሞት ድረስ ጧፏን ካበራች በኋላ ስሙን በጣቷ ትዳብሰው ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቦታውን ግን በጨለማም አትስተውም።

አሮጌ እንጨት ሲፈርስ ወይ ማገዶ ይሆናል ወይ ለአጥር ይሄዳል። ቅርስ የሚጠናበትና የሚጠበቅበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን፤ የእነዚህ ልጆች ስምም ቅርስ ነው እላለሁ። ባለሙያ ላኩልን። ስሞቹ በፎቶግራፍ ይነሡ፣ አንድ በአንድ ይመዝገቡ። ተደብቀው የተረፉት ዛሬ ስልሳን ተጠግተዋልና፣ በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይቀዳ። ከምሰሶዎቹም ቢያንስ አንዱ የአባ ጅፋር መገልገያዎች ባሉበት በጅማ ሙዚየም ቢቆም የጅማ ልጆች ያዩታል።

ሰበካ ጉባኤውን ለምኜ፣ ታቦቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ እስኪገባ ምሰሶዎቹን ላለመንካት ተስማምተዋል። ክረምት ከገባ መንገዳችን ለመኪና አይሆንም፤ ከሰኔ በፊት ብትመጡ ከአስፋልቱ ድረስ ወጥቼ እቀበላችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር