አየሩ የሚገባው የት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቤት ሴፕቲክ ታንክ (የቤት ፍሳሽ በሚጠራቀምበት የተከደነ ጉድጓድ) ላይ የአየር ፓምፕ መግጠም ሽታ ይቀንሳል፤ የሚወጣውንም ውሃ ያጠራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቦታው ላይ ነው። አየር መግባት ያለበት ቆሻሻው በሚዘቅጥበት በመጀመሪያው ክፍል ሳይሆን በሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ከተናጠ ዝቃጩ ተነሥቶ ከውሃው ጋር ይወጣና ውሃው ወደ አፈር የሚሰርግበትን ማስረጊያ ይደፍናል፤ እሱን ማስቆፈር ደግሞ ከፓምፑ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። አየር ያገኘውም ውሃ ከመውጣቱ በፊት የሚረጋበት ሌላ ክፍል፣ መውጫው ላይም ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ታንኩ ባለ አንድ ክፍል ከሆነ ባይሞከር ይሻላል።

ለአንድ ቤተሰብ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ሊትር የሚሰጥ ባለ ዲያፍራም ፓምፕ (በሚርገበገብ የጎማ ሽፋን አየር የሚገፋ) በአብዛኛው ይበቃል። አቅሙ ግን በታንኩ ጥልቀት ልክ ይታይ፤ ውሃው በጠለቀ ቁጥር የሚደርሰው አየር ያንሳል። ፓምፑ ከውሃው በላይ ይቀመጥ፣ ቱቦው ላይም ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ይግባ፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ፍሳሹ ወደ ፓምፑ ሊመለስ ይችላል። መብራት ለመቆጠብ ብሎ ፓምፑን ሌሊት ማጥፋት ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ኦክስጅን ፈላጊ ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ በረኪና በብዛት መድፋትም እንዲሁ። ፓምፑ የሚያመጣው ለውጥ የሚታየው ከተገጠመ ከሳምንታት በኋላ ነው። የአየር ማጣሪያው በየ3 ወሩ ይጽዳ፤ ዲያፍራሙም ከ2 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየር።

ለጥገና ተብሎ ግን ማንም ታንኩ ውስጥ አይግባ፤ ጋዙ በደቂቃዎች ይገድላል።