ለገንዘብ ያዣችን

ይድረስ ለገንዘብ ያዣችን፣

እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ? እናታችንስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጥፋቴን አውቃለሁ። መንገዱ፣ ኔትወርኩ፣ ጊዜው እያልኩ ብደረድር ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ይቅር በለኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ ትሰድበኛለህ።

አሁንም የጻፍኩልህ ለጥቅሜ ነው። ሳቅ። ባሕር ዳር ፔዳ ካምፓስ ተማሪ እያለን የቆሎውን ሳንቲም ሳይቀር በደብተር የምትይዘው አንተ ነበርክ። ዛሬ ያ ጭንቅላትህ አስፈልጎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ መምህራን ሥልጠና አስተያየት ጻፉ ከተባሉት ሱፐርቫይዘሮች አንዱ እኔ ሆኜ አረፍኩት። በክረምት መምህሩን ሰብስቦ ማሠልጠኑ ይቅርና በስልክ የሚወሰዱ አጫጭር ኮርሶች ይተኩት ተብሏል። እያንዳንዷ ኮርስ የራሷ ሰርተፍኬት አላት። ማይክሮ ክሬደንሻል ይሏታል። አቅራቢው ስላይዱ ላይ «ወጪ ቆጣቢ» ብሎ በቀይ ጽፎ አሳየን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሺ፣ አበል ቀረ። ትራንስፖርትና መኝታም ቀረ። ግን ከመንግሥት ደብተር ላይ ተፋቀ እንጂ መቼ ጠፋ? ጮቄ ተራራ ሥር ያሉትን ትምህርት ቤቶች ታውቃቸዋለህ። ቪዲዮ ለማውረድ መምህሩ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ መውረድ አለበት። የመኪናው፣ የምሳው፣ የፓኬጁ፣ ከመሸበትም የአልጋው ከኪሱ ነው። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚቆይ ላንተ አልነግርህም፤ በልተኸዋል።

ይሄ እንኳ ትንሹ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ክፍል ገብቶ መምህሩ ሲያስተምር ካላየ፣ የተማሪዎቹን ደብተር ካላገላበጠ፣ ሰርተፍኬቱ ምኑን ይመሰክራል? አንድ ባልደረባችን የኦንላይን ኮርሱን የጨረሰችለት ልጁ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ጥሩ ውጤት አመጣችለት።

እስቲ በደምሳሳው አስላው። 1,000 መምህር በዓመት ሦስት ሦስት ሰርተፍኬት ቢወስድ 3,000 ማስረጃ ተከመረ ማለት ነው። አንዱን በቅጡ ለማየት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 1,500 ሰዓት። በሳምንት 39 ሰዓት የሚሠራ ሰው ሌላ ሥራ ሳይነካ ዘጠኝ ወር ግድም ይጎለትበታል። ያ ሰው ማን ነው? ደመወዙ ከየትኛው በጀት ነው? ስላይዱ ላይ የለም። እኛን ሱፐርቫይዘሮቹን አስበው ከሆነ፣ ወይ ትምህርት ቤት መጎብኘት እንተዋለን፣ ወይ ሳናይ እንፈርማለን። ሳይታይ ሲፈረም ምን እንደሚመጣ ደግሞ ከተሙማው፣ ከመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያው፣ አይተናል። መመሪያው በዓመት 60 ሰዓት ይላል። ሰኔ ሲገባ ፖርትፎሊዮ የምንለው የማስረጃ ማኅደር ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወፍራል።

ሰርተፍኬቶቹ ለደረጃ እድገት ይቆጠሩ ቢባል ደግሞ ጉዱ ያን ጊዜ ነው። ኮርሱ የሚከፈልበት አንዴ ነው፤ የደረጃው ጭማሪ ግን በየወሩ፣ እስከ ጡረታ ነው። ጡረታውም ከደመወዙ ላይ ነው የሚሰላው። መምህሩ ተሻሽሎ ከሆነ ይገባዋል፤ ይብላው። ካልሆነስ? የገበሬው ግብር ለምን ነገር ወጣ?

አሜሪካኖቹ እንኳ አልተረፉም። ቲኤንቲፒ የሚባል ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ትልልቅ የትምህርት ቀጠናዎችን አጥንቶ ነበር። ለአንድ መምህር ሥልጠና በዓመት ወደ 18,000 ዶላር ይወጣል፤ የጎላ መሻሻል ያሳየው ግን ከ10 መምህር 3 ግድም ነው። እኔን የገረመኝ ብክነቱ አይደለም። ቁጭ ብለው መቁጠራቸው ነው። ኒውዚላንድም በ2018 እ.ኤ.አ. እነዚህን አጫጭር ሰርተፍኬቶች ስትፈቅድ፣ ፈላጊ እንዳላቸው ማስረጃ አምጡ ብላ ነው። እኛ ጋ ማን ምን ፈለገ ተብሎ ተጠየቀ?

ቴክኖሎጂ ጠላ እንዳትለኝ። የክረምቱ ሥልጠናም ግማሹ አበል ፍለጋ እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። አራስ ሆና ክረምቱን ከቤቷ መራቅ የማትችል መምህርት አለችኝ፤ የስልኩ ኮርስ ለእሷ ሲሳይ ነው። ለዚህ ነው እጄን የያዘኝ። ይቅር ብዬ ብጽፍ እሷን እጎዳለሁ፤ ይሁን ብዬ ብጽፍ ዋሸሁ።

ደግሞ... እንዴት ልበልህ። እኔም ደረጃ እየጠበቅኩ ነው። ሦስት ሰርተፍኬት ከተቆጠረልኝ አንዲት እርከን ከፍ እላለሁ። ባለቤቴ «ፈርምና ተኛ» ብላኛለች። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የምታውቀው እሷ ናት፤ ምን ልበላት? ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ስለዚህ አንድ ሰንጠረዥ ሥራልኝ። በአንድ በኩል የክረምቱ ሥልጠና፣ በሌላ በኩል የስልኩ። መንግሥት የሚያወጣውን፣ መምህሩ ከኪሱ የሚያወጣውን፣ ገምጋሚው የሚፈጅበትን ሰዓት፣ የደረጃ ጭማሪውን እስከ አስር ዓመት። የክፍያ ተመኖቹን እኔ እልክልሃለሁ። ቁጥሩ እኔን ቢቃወምም ግድ የለም፤ እንዳታሽሞነሙንልኝ። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ይድረሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዋጋ የለውም።

ስልክ አትደውል፣ አይገባም። ቴሌግራም ላይ ጣለው፤ ቅዳሜ ማርቆስ ስወርድ አወርደዋለሁ። የዚያን ቀን የመኪናና የፓኬጅ ወጪዬንም ከመምህሩ ኪስ በሚለው ሥር ጻፍልኝ።

ወንድምህ