ለአልሙኒየምና ለመስታወት ተብሎ ስለተሸጠልኝ ማጣበቂያ የቀረበ ቅሬታ

ለማጣበቂያ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቱ፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ለሥራው የማይሆን ማጣበቂያ ስለመሸጡና ስለደረሰው ጉዳት

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ። ከቅርንጫፍ ሱቃችሁ በተሸጠልኝ ማጣበቂያ ምክንያት የደንበኛዬ የቡፌ በር ተሰብሯል።

በሩ ሙሉ መስታወት ነው። ጠርዙ ላይ 1 ሜትር የሚሆን የአልሙኒየም እጀታ አለው፤ ለቆ ነበር የመጣልኝ። ሱቃችሁ የሄድሁት እጀታውን ይዤ ነው። ከመስታወት ጋር እንደሚያያዝ፣ በሩ ቀን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደሚውል፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይም እንደሚያርፍበት ለሻጩ ነገርሁት። «ይኼ የማይዘው ነገር የለም፤ አትጠራጠር» ብሎ አንድ ቱቦ ሰጠኝ። ቱቦው ላይ የብረት፣ የመስታወት፣ የእንጨትና የጫማ ሥዕል አለ። በአማርኛ የተጻፈ አንድም ነገር የለም።

የድሮውን ማጣበቂያ ፍቄ፣ ሁለቱንም በአሴቶን አጽድቼ፣ አጣብቄ አሰርሁት። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይዞ ነበር። ከዚያ ደንበኛዬ በሩን ስትስበው እጀታው እጇ ላይ ቀረ፤ በሩ ተመልሶ ከቡፌው ጋር ተጋጨና መስታወቱ ረገፈ። ልጇ አጠገቧ ቆሞ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተጎዳም። እኔን ግን እስካሁን የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።

የቱቦውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳስነብበው ሳይኖአክሪሌት ነው። ሱፐር ግሉ የምንለው ማለት ነው። ሱፐር ግሉ ለትንሽ ስባሪ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይይዛል። ሲደርቅ ግን ድርቅ ያለና ተሰባሪ ይሆናል፤ መስታወት ላይ ደግሞ እርጥበት ያዳክመዋል። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሜትር መስታወት 9 ማይክሮን ያህል ይረዝማል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አልሙኒየም 23 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። አካባቢያችን ደጋ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሌሊት ይበርዳል። በ20 ዲግሪ ልዩነት ብቻ አልሙኒየሙ ከመስታወቱ ሩብ ሚሊ ሜትር በላይ ይለያል። ስስና ድርቅ ያለ ማጣበቂያ ይህን በየቀኑ ሊችል አይችልም፤ ከጫፍ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ሻጩ ሊሰጠኝ የሚገባው የሚለጠጥ ነገር ነበር። ለእንዲህ ያለ ረጅም እጀታ ኒውትራል ሲሊኮን ይሆናል፤ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ግን አንዳንድ ብረት ስለሚበላ አይሆንም። የመስታወት ጠረጴዛ እግር ላይ እንዳለው ትንሽ የብረት ክብ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቀው ማጣበቂያ ነው የሚሻለው፣ መስታወቱ ብርሃን የሚያሳልፍ እስከሆነ ድረስ። ቀለም የተቀባ መስታወት ከሆነ መብራቱ አያልፍም፤ ያኔ ባለሁለት ቱቦው ኢፖክሲ ይታያል። ይህን መለየት የሻጭ ሥራ ነው። «ሁሉንም ይይዛል» ማለት መልስ አይደለም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ መረጃውን ጠይቄ ነው የተነፈግሁት።

ስለዚህ የመስታወቱንና የማጣበቂያውን ዋጋ እንድትከፍሉኝ እጠይቃለሁ። መስታወቱን ለደንበኛዬ ከኪሴ ተክቻለሁ፤ እሷ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም። ሌላው ጥያቄዬ ከገንዘቡ ይበልጥብኛል። በየቱቦው ላይ ምን ዓይነት ማጣበቂያ እንደሆነ፣ ለየትኛው ሥራ እንደማይሆንና ስንት ሰዓት ሳይነካ መቆየት እንዳለበት በአማርኛ ለጥፉ። ይህ እስኪሆን ድረስ የመስታወቱ ሥዕል ያለበትን ቱቦ ለበርና ለጠረጴዛ አትሽጡ። በቡሬም በሞጣም እንደኔ የሚጠግን ሰው አለ፤ ያንኑ ሥዕል አይቶ ይገዛል።

የግዢ ደረሰኙን፣ ባዶውን ቱቦና የተሰበረውን በር ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እጀታው እኔ ዘንድ ስላለ ባለሙያ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቤት ዕቃ ጠጋኝ፣ ደብረ ማርቆስ