አሮጌው ግሪል አብቅቶለታል፤ ለአዲሱ አዋጡ

ሰላም ጎረቤቶች። የጋራ ጓሯችንን የምትጠቀሙ፣ ጭሱ ሲሸታችሁ ደግሞ «ዛሬ ምን አለ?» እያላችሁ ብቅ የምትሉ ሁሉ፣ ይህችን አንብቡልኝ። ጉዳዩ ገንዘብ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

የፔሌት ግሪላችን (ከሰል ሳይሆን በተጨመቀ ሰጋቱራ የሚነደው) በቃው። ካላመናችሁኝ ሄዳችሁ እዩት። ፍርግርጉን አንሱ፣ ከሥሩ ያለውን የስብ መቀበያ አንሱ፣ የሙቀት መከለያውንም አንሱ። ፔሌቱ የሚነድባት ትንሿ ማንደጃ ጎኗ ተበስቷል። አመዱ በዚያ በኩል እየሾለከ ሆዱ ውስጥ ይበተናል፣ ማራገቢያው ደግሞ እያነሳ ሥጋው ላይ ይነሰንሰዋል። ወለሉን በጣት ጫን ስታደርጉት ዝገቱ ተቀርፍቶ ይነሳል። ማንደጃዋን ብቻ እንቀይር ያላችሁ አላችሁ። ደስ ባለኝ፤ ግን የበሰበሰ ላሜራ ላይ አዲስ ማንደጃ መግጠም ገንዘብ መበተን ነው።

ስለዚህ አዲስ እንግዛ። የቱን? የሚለው ነው ጥያቄው፤ መዋጮውም በዚሁ ይወሰናል።

«ለምን እንደገና ፔሌት? ከሰል ምን አደረገን?» ለምትሉት በቅድሚያ ልመልስ። ከሰል ምንም አላደረገንም። እውነቱን እናውራ ከተባለ በፍልጥና በከሰል የተጨሰ ሥጋ የጭስ ጣዕሙ ከፔሌቱ ይበረታል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ችግሩ የእኛ ግሪል የአንድ ሰው አለመሆኑ ነው። ሙሉ የበሬ ፍርምባ በዝግታ ሲጨስ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በከሰል ከሆነ እሳት የሚያውቅ ሰው ሌሊቱን አጠገቡ መቀመጥ አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነም ታውቃላችሁ። ፔሌት ላይ ሙቀቱን ትሞላላችሁ፣ ትተኛላችሁ። ትናንት የጀመረ ሰውም ያልተቃጠለ ሥጋ ያወጣል። ለጋራ ዕቃ ከዚህ ሌላ ምን ይፈለጋል?

አሠራሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልበል። ፔሌት ማለት ደርቆ በኃይል የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሙጫ አያስፈልገውም፤ ሲጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀት እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል ነገር ይለሰልስና ብናኙን ያያይዘዋል። ከጎን ካለው ሳጥን አንድ ጠመዝማዛ ዘንግ እየተሽከረከረ ፔሌቱን ወደ ማንደጃው ይገፋል፣ ማቀጣጠያው ግሎ ያነደዋል፣ ማራገቢያው አየር ይነፋል፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ ምን ያህል ፔሌት እንደሚገባ ይወስናል። ይኸው ነው። ነገሩን የጀመረው የኦሪገኑ ጆ ትሬገር ነው፤ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1986 አገኘ፣ መብቱ በ2006 ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች ተግተልትለው ገቡበት። ዛሬ ልግዛ ብሎ የተነሳን ሰው የሚያዞረው የሞዴል ብዛት ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ መሃል እንዴት እንምረጥ? የእኔ አቋም አንድ ነው፤ ገንዘባችን የማይታየው ነገር ላይ ይዋል። ገዢን የሚያማልለው ስፋቱ፣ ቀለሙና ስክሪኑ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚያስለቅሰው ግን ላሜራው፣ ማንደጃውና መቆጣጠሪያው ነው።

በመቆጣጠሪያው ልጀምር። ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ዓይነት ዘንጉን ለተወሰነ ሰከንድ ያዞራል፣ ለተወሰነ ሰከንድ ያቆማል፣ በቃ። ነፋስ ተነሳ፣ በረደ፣ ክዳን ተከፈተ፣ ለእሱ ያው ነው። 110 ዲግሪ ብላችሁት ትሄዱና ስትመለሱ 140 ላይ ታገኙታላችሁ። ፒአይዲ የሚባለው ግን ሙቀቱን ሳያቋርጥ እየለካ ፔሌቱንም አየሩንም በዚያው ልክ ያስተካክላል፣ ከሞላችሁለት ቁጥር ብዙም አይርቅም። አንዲት እንከን አለችበት፦ እሳቱ ንጹሕ ሆኖ ስለሚነድ ጭሱ ይቀንሳል። ለዚህ ብለው አንዳንዶቹ ጭስ የሚጨምር ለብቻው ማዞሪያ አድርገውለታል፤ እኛም እሱ ያለውን እንውሰድ።

ይሄ የሙቀት ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ፍርምባ የሚጨሰው ብዙውን ጊዜ ከ107 እስከ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። የሥጋው የውስጥ ሙቀት ከ65 እስከ 75 መካከል ሲደርስ ግትር ብሎ ይቆማል፣ አንዳንዴ ለሰዓታት። ከላዩ የሚተነው እርጥበት ስለሚያቀዘቅዘው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሰው የሚደነግጠው ታዲያ ያን ጊዜ ነው፤ ክዳን ይከፍታል፣ እሳት ይጨምራል፣ ይዘጋል፣ አላስችል ሲለው እንደገና ይከፍታል፣ በየመሃሉም «ተበላሸ እንዴ?» እያለ ለሁላችንም ይደውላል። ማሽኑ ራሱ የሚዋዥቅ ከሆነ የቆመው ሥጋው ይሁን እሳቱ በምን ይለያል? ሙቀቱ ከተረጋጋ ግን ሥጋውን በወረቀት ወይም በፎይል ጠቅልሎ መጠበቅ ነው። 93 እስከ 96 ሲገባ ሥጋውን የሚያጠነክረው ኮላጅን የሚባል ነገር ወደ ለስላሳ ጄላቲን ተቀይሮ ሥጋው ይፈታል። (ዶሮ ሌላ ነው፤ 74 ከደረሰ ይበቃዋል። ዶሮን እንደ ፍርምባ የምታደርቁ አላችሁ፣ ስም አልጠራም።)

ቀጥሎ ላሜራው። ወፈር ያለ፣ ቢቻል ድርብ ግድግዳ ያለው፣ ክዳኑ ዳር ዳሩን ማሸጊያ የተደረገለት ይሁን። ስስ ከሆነ በብርድና በነፋስ ሙቀቱን ለመያዝ ፔሌት ሲበላ ያድራል፤ አሁን በርካሽ ገዝተን ያተረፍነውን በየጊዜው በፔሌት እንከፍለዋለን ማለት ነው። ማንደጃው ዝገት የማይበግረው ስቴንለስ ይሁን። ይሄ ለድርድር አይቀርብም፤ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው።

ስፋቱ ላይ እንዳትሸወዱ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የላይኛውን መደርደሪያ ጨምሮ ነው። ዋናውን ፍርግርግ ብቻ ለኩ። ሁለት ሙሉ ፍርምባ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ካስተኛ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የገዘፈውን ብንገዛ ለአንዲት ዶሮ ያን ሁሉ ሆድ ማሞቅ ሊኖርብን ነው።

የፔሌት ሳጥኑ ቢያንስ 9 ኪሎ ይያዝ። በዝግታ ሲጨስ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ይሄዳል፣ እንደ ብርዱና እንደ ማሽኑ፤ ስለዚህ አንዴ ሞልቶ ተኝቶ ለማደር ይህን ያህል ያስፈልጋል። ከሳጥኑ ሥር ፔሌቱን የምታፈሱበት በር ይኑረው። ይህች በር ተራ ነገር ትመስላለች፤ ግን እርጥበት የገባው ፔሌት ያብጣል፣ ይፈረካከሳል፣ ዘንጉ ውስጥ ሲቀር ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፤ ከዚያ ዘንጉ አልዞር ይላል፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በመዶሻና በብሎን መፍቻ ሲታገል ይውላል። በሩ ካለ ዝናብ ሲመጣ ሳጥኑን ማራገፍ የአፍታ ሥራ ነው።

አመዱን ከውጭ ስቦ ማውጣት የሚቻልበት ከሆነ ደግሞ እኔ በበኩሌ ጨምሬ እከፍላለሁ። የጋራ ዕቃ ማን ያጸዳል? ሁሉም «ከእኔ በፊት የተጠቀመው ያጽዳ» ባይ ነው። ፍርግርግ ማንሳት፣ መከለያ ማንሳት፣ አመድ መምጠጥ ከተባለ ማንም አያደርገውም። አመድ የሚጠራቀምባትን ጽዋ ስቦ መድፋት ብቻ ከሆነ ግን ሰነፉም ያደርገዋል። አመድ ሲከማች እሳቱ ይታፈናል፣ የስብ መቀበያው ሳይጸዳ ሲቀር ደግሞ ስቡ ራሱ ይነዳል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ዋይፋይ? ካለው ጥሩ። ሌሊት ከአልጋ ሳይነሱ ሙቀቱን ማየት ደስ ይላል። ለእሱ ብለን ግን የቀጠነ ላሜራ አንቀበልም። ሥጋ ውስጥ የሚሰኩ የሙቀት መለኪያዎች ሁለት ቢኖሩት ይበቃሉ። በቀጥታ ነበልባል ላይ የሚጠብስ ክፍል የምትሹም አላችሁ። ብዙዎቹ የፔሌት ግሪሎች ከ230 እስከ 260 ዲግሪ ድረስ ነው የሚሄዱት፣ ስቴክ ላዩን ለማክሰል ትንሽ ያንሳል፤ ወፍራም የብረት መጥበሻ በደንብ አግሎ መጠቀም ይቻላል፣ እሱ ደግሞ አለን።

መለዋወጫው የሚገኝ መሆኑም ይታይ። ማቀጣጠያው ከሌላው ቀድሞ ከሚቃጠሉት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ከግሪሉ ጋር አብረን አንድ ትርፍ እንገዛለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የሃምሳ ሎሚውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት እዘለዋለሁ። ያልኩትን የሚያሟሉ ሦስት ሞዴሎች ከነዋጋቸው ተጽፈው ጓሮው በር ላይ ተለጥፈዋል፣ ሞዴሉም ዋጋውም ሊለዋወጥ ስለሚችል እዚህ አልደግመውም። ከተሰበሰበው መጀመሪያ የሚገዛው ግሪሉ ነው። ቀጥሎ የዝናብ ልብሱ፣ ትርፍ ማቀጣጠያው፣ ከተረፈ ፔሌት። ደረሰኙ እዚያው በር ላይ ይለጠፋል። ማን ስንት ሰጠ የሚል ዝርዝር ግን አይለጠፍም። ያለው ይስጥ፣ የሌለው መጥቶ ይብላ፤ ዛሬ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ከጓሮው የሚቀር ሰው እንዲኖር አንፈልግም። ሥጋ የማትበሉም አትራቁን፤ አትክልትም ዳቦም ይሠራበታል፣ ከሞላ ጎደል ምድጃ ነው እኮ።

ገንዘቡ ባይሞላስ? እንጠብቃለን። «ባለው ርካሹን እንግዛና እንገላገል» የሚለውን ሐሳብ እኔ አልደግፍም፤ ቶሎ ተበስቶ መልሶ እዚሁ ልመና ላይ ያስቀምጠናል። ጠብቀንም ካልሞላ የእያንዳንዱ ሰው ገንዘብ እንዳለ ይመለስለታል።

ከገንዘብ ሌላም የምታግዙበት አለ። ከዝናብ የሚከልል ትንሽ መጠለያ መሥራት የሚችል እጅ እንፈልጋለን፤ ከግድግዳና ከሚነድ ነገር ራቅ ብሎ፣ ጎኖቹ ክፍት ሆነው፣ ምክንያቱም ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣው ይሄ ዕቃ በፍጹም ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አይነድም። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መሬት የተያያዘለት የውጭ ሶኬት ቢሰራልን ውለታ ነው። ማሽኑ ሲቀጣጠል ከ200 እስከ 300 ዋት ይስባል፣ ከዚያ በኋላ በጣም ይቀንሳል፤ ስለዚህ መስመሩ ከባድ አይደለም፣ ግን ዝናብ ላይ የተጎተተ ቀጭን ኤክስቴንሽን አይሆንም። እግረ መንገዴን፦ ሲጨርሱ ሶኬቱን ነቅሎ መሄድ ክልክል ነው። በራሱ ማጥፊያ ይጠፋ፤ ማራገቢያው የቀረውን ፔሌት አቃጥሎ እስኪጨርስ ካልተጠበቀ እሳቱ በዘንጉ በኩል ወደ ሳጥኑ ሊመለስ ይችላል።

ፔሌት ይዛችሁ ለምትመጡ፣ ተባረኩ፣ ግን ለምግብ የተዘጋጀውን ብቻ። የቤት ማሞቂያ ፔሌት አንቀበልም፤ ሙጫ የበዛበት የጥድ ዝርያ ሊሆን ይችላል፣ ከምን እንደተሠራም አይታወቅም። ከረጢቱን አንብቡ፤ ፊት ለፊት የሂኮሪ ወይም የቼሪ እንጨት ተብሎ ውስጡ አብዛኛው ኦክ የሚባል ሌላ እንጨት የሆነ ብዙ አለ፣ ችግር የለውም፣ ብቻ ለስሙ ብላችሁ ብዙ አትክፈሉ። አንዱን አንስታችሁ በጣት ስበሩት። ደረቅ ከሆነ ቀጭ ይላል፣ ላዩም ያብረቀርቃል። ድምፅ ሳያወጣ ከተፈረፈረ እርጥበት ገብቶታል፣ ተዉት። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ትልቅ ባልዲ ያለው ሰውም ቢሰጠን ማስቀመጫ እናደርገዋለን።

መዋጮውን ለገንዘብ ያዣችን በእጅ ስጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። እስከ ወሩ መጨረሻ እንሰበስባለን። ከሦስቱ ሞዴሎች አንዱን የማትፈልጉ ወይም የተሻለ የምታውቁ ካላችሁ፣ በር ላይ ያለው ወረቀት ሥር ከነምክንያቱ ጻፉ። ከተገዛ በኋላ «እኔ ብዬ ነበር» የሚል ሰው ግን የመጀመሪያው አመድ ደፊ እሱ ይሆናል።