ከፏፏቴው በፊት ቧንቧው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የከተማችን ምክር ቤትም ሰሞኑን በጀት ላይ ነው። መናፈሻ ይሠራ፣ መሃሉ ላይም ፏፏቴ ይኑረው የሚል ሐሳብ ቀርቧል አሉ።

መናፈሻውን እደግፋለሁ። ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት አስፋልት ላይ ነው፤ ባጃጅ በመጣ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል። ለመናፈስ ሐይቅ ድረስ መሄድ ደግሞ የሁሉም ኪስ አይችለውም።

ግን ፏፏቴ? እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። እናቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ጀሪካን ይደረድራሉ። በቀደም ቡናው ቶና ላይ ቆመ፤ ለበረካ የሚሆን ውሃ አልነበረም። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ በረካ! ከቤታችን ጥቂት ወረድ ብሎ ግን የተሰበረ ቧንቧ ቀን ከሌት ይፈሳል።

ስለዚህ ፏፏቴው ይቅርና በገንዘቡ ቧንቧው ይጠገን። ለመናፈሻው ወይራና ዋንዛ በክረምት ቢተከል ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግንባታው ከካፒታል በጀት አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። የጥበቃውና የአትክልተኛው ደመወዝ ግን በየዓመቱ ከመደበኛ በጀት የሚወጣ ነው። እሱን ያነሳ የምክር ቤት አባል አለ?

አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ወሎ